የጦር ሠራዊት ሴንጢ፦ የስዊዘርላንድ፣ የጀርመንና የብሪታንያን አወዳድሮ የመምረጫ መመሪያ

ሴንጢ በፎቶ አይመረጥም። በፎቶ ሲታዩ ሁሉም እጀታና የሚታጠፍ ስለት ናቸው። ልዩነታቸው የሚታወቀው እጅ ላይ ሲገቡ ነው፦ ሞላው ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ፣ ስለቱ ተከፍቶ ሲቆም ይወዛወዝ እንደሆነ፣ ከስለቱ ሥር ምን እንደተመታ። ከጦር መጋዘን ወጥተው በአውሮፓ የወታደር ዕቃ መደብሮችና በኢንተርኔት በብዛት ከሚሸጡት መካከል የሦስት አገር ሴንጢዎችን እዚህ እናወዳድራለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስዊዘርላንድ

የስዊዘርላንድ ጦር በ1890 የመጀመሪያውን ሞዴል ያጸደቀው በሁለት ምክንያት ነው። ወታደሩ የጣሳ ምግብ መክፈት ነበረበት፤ አዲሱን የ1889 ሽሚት-ሩቢን ጠመንጃ ለመፍታትም ካቻቢቴ ያስፈልገው ነበር። ስለትና ወስፌ ተጨመሩና ሴንጢው ተሟላ። በአገሩ ውስጥ ያን ያህል ብዛት የሚያመርት ስላልነበረ የመጀመሪያው ሥራ ለጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ተሰጠ፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ኢባኽ በተባለ ቦታ ቢላ ይሠራ የነበረው ካርል ኤልዘነር ማስረከብ የጀመረው በ1891 ነው። የእሱ ድርጅት ዛሬ ቪክቶሪኖክስ ይባላል።

አሁን በእጅ የሚገባው በአብዛኛው የ1961 ሞዴል ነው። ሲታጠፍ 93 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 72 ግራም። እጀታው ላዩ እንዲጠነክር የተደረገ አሉሚኒየም ነው፤ አሎክስ ይሉታል። ስለት፣ ወስፌ፣ ጫፉ ትንሽ ካቻቢቴ የሆነ የጣሳ መክፈቻ፣ ጫፉ ትልቅ ካቻቢቴ የሆነ የጠርሙስ መክፈቻ፤ ሌላ ነገር የለውም። መቆለፊያም የለውም፤ ስለቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የጀርባ ሞላው ነው። ከስለቱ ሥር የተመረተበት ዓመት የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ተመትተዋል። ቪክቶሪኖክስም ሌላው የስዊዘርላንድ አምራች ቬንገርም አምርተውታል፤ በጥራት ሁለቱን ማበላለጥ አያስፈልግም።

በ2008 የጸደቀው አዲሱ ሞዴል ሌላ ዕቃ ነው። 111 ሚሊሜትር፣ 131 ግራም። በስለቱ ላይ ያለው ሰፊ ቀዳዳ ጓንት ያጠለቀ ሰው እንኳ በአንድ እጁ፣ በአውራ ጣቱ እንዲከፍተው ያስችላል፤ ሲከፈት ከውስጥ ያለ የብረት ምላስ ከስለቱ ሥር ገብቶ ይቆልፈዋል። የእንጨት መጋዝና ባለመስቀል ካቻቢቴ ተጨምሮለታል። የስለቱ ከፊል ጥርስ ያለው ስለሆነ ገመድና ቀበቶ ያለ ችግር ይቆርጣል፤ ቲማቲም ላይ ግን ያበላሻል። ኪስ ውስጥ ክብደቱ ይሰማል።

ጀርመን

የድሮው የቡንደስቬር (የጀርመን ጦር) ሴንጢ 108 ሚሊሜትር ነው፤ እጀታው ንስር ያለበት አረንጓዴ ናይለን። ቪክቶሪኖክስም ሌሎች አምራቾችም ሠርተውታል። ስለት፣ ወስፌ፣ የቡሽ መንቀያና ጫፉ ካቻቢቴና የጠርሙስ መክፈቻ የሆነ መጋዝ አለው። የጣሳ መክፈቻ የለውም፤ ብዙ ገዢ ይህን የሚያውቀው ጣሳው ፊት ከቀረበ በኋላ ነው። መጋዙ ግን ከዋጋው በላይ ዋጋ አለው። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ሲሞክሩት፣ ወደ ራስ ሲሳብ ይቆርጣል፤ ወደ ፊት ሲገፉት ከተጫኑት፣ መቆለፊያ ስለሌለው ወደ ጣት ሊታጠፍ ይችላል። ሥራው ስቦ መቁረጥ፣ ሳይጫኑ መመለስ ነው።

በ2003 ይህን የተካው 111 ሚሊሜትር ሞዴል ከስዊሱ የ2008 ሴንጢ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፦ በአንድ እጅ የሚከፈት፣ የሚቆለፍ፣ ከፊሉ ጥርስ ያለው። ሁለቱን አንድ ላይ መግዛት አያስፈልግም።

ብሪታንያ

የብሪታንያው የተለየ መልክ አለው። የስለቱ አፍ ከሥር እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ሲሆን ጀርባው ወደ ጫፉ ጎብጦ ይወርዳል፤ ሹል ጫፍ የለውም። ገመድን እንጨት ላይ አስደግፎ ጀርባውን በመምታት ለመቁረጥ ይህ ቅርጽ አቻ የለውም፤ ሳያስቡት ሰው አይወጋም። ነገር ለመብሳት ወይም ሥጋ ከአጥንት ለመላጥ ግን አይሆንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠሩት ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ፣ የጣሳ መክፈቻና የገመድ ቋጠሮ መፍቻ ሾጣጣ ብረት አላቸው፤ ስለታቸው የሚዝግ የካርቦን ብረት ነው። በኋላ የመጡት ከላይ እስከ ታች የማይዝግ ብረት ናቸው። ሞላቸው ከስዊሱ በጣም ይጠነክራል፤ ጥፍር ሊሰብር ይችላል።

ሲገዙ ምን ይመረምራሉ?

መጀመሪያ ማኅተሙን ያንብቡ። በብሪታንያው ላይ የመንግሥት ንብረት ምልክት የሆነችውን ሰፊ ቀስትና ዓመቱን ይፈልጉ፤ ቀስት ከሌለ ለንግድ የተሠራ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል። በአዳዲሶቹ ላይ 13 አኃዝ ያለው የኔቶ የዕቃ ቁጥር ይገኛል። 5ኛውና 6ኛው አኃዝ ዕቃውን የመዘገበውን አገር ይናገራሉ፦ 12 ጀርመን፣ 99 ብሪታንያ። ንስር ያለበት ሴንጢ ሁሉ የጀርመን ጦር አይደለም፤ ከስለቱ ሥር የአምራች ስም ከሌለ የጦር ዕቃ ነው ብለው ዋጋ አይጨምሩ። በመለኪያም ያረጋግጡ፤ 108 እና 111 ሚሊሜትር በዓይን አይለዩም።

ቀጥሎ ስለቱን ይክፈቱና ጠፍጣፋ ጎኑን ይዘው ግራና ቀኝ ይግፉት። በጣት ብቻ የሚሰማ ትንሽ እንቅስቃሴ በአሮጌ ዕቃ ያለ ነው፤ በዓይን የሚታይ ከሆነ ሪቬቱ (ስለቱ የሚዞርበት ምስማር) ተበልቷል፣ በቤት አይጠገንም። ከዚያ በቀስታ ይጠፉት። ጤነኛ ሞላ የመጨረሻውን መንገድ ራሱ ስቦ ጠቅ ያደርገዋል። መሃል ላይ የሚንከረፈፍ ከሆነ ቆሽሾ ወይም ደክሞ ነው፤ የቆሸሸው ታጥቦ ይስተካከላል፣ የደከመው አይስተካከልም።

የሚቆለፈውን ሲፈትኑ ጣቶችዎ ከስለቱ መታጠፊያ መንገድ ውጭ ይሁኑ፤ የስለቱን ጀርባ እንጨት ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ይምቱ። መታጠፍ ከጀመረ አይግዙት። የብረት ምላሱ ከስለቱ ሥር ሙሉ በሙሉ ተሻግሮ ተቃራኒውን ግድግዳ ከነካም መቆለፊያው አልቋል።

የስለቱን ጫፍና የካቻቢቴውን ጠርዝ ይመልከቱ። ስለቱን እንደ መፈልቀቂያ የተጠቀመ ሰው ጫፉን ይሰብርና ሞርዶ ያሳጥረዋል፤ ስለቱ ሲታጠፍ ጫፉ ከተለመደው ቀድሞ ካለቀ ይህ ሆኗል ማለት ነው።

እጥበትና ዘይት

ከመጋዘን የወጣ ሴንጢ ውስጡ በደረቀ ቅባትና በኪስ ብናኝ የተሞላ ነው። ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ውስጥ አድርገው እያንዳንዱን ክፍል አሥር ጊዜ ያህል ይክፈቱ፣ ይጠፉ። በጥርስ ብሩሽ ስንጥቁን ፍቀው፣ አለቅልቀው፣ ክፍሎቹን እንደከፈቱ ያድርቁ። በረኪና አይጠቀሙ፤ የማይዝገውን ብረት ሳይቀር በነጠብጣብ ይበላዋል፣ የአሎክሱንም ሽፋን ይጎዳል። የድሮውን የብሪታንያ ፕላስቲክ እጀታ ደግሞ አሴቶን አያስነኩት፤ ይሟሟል። የፈላ ውኃም ያጣምመዋል።

ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሠራል፤ ምግብ የሚቆርጡበት ከሆነ ግን ከፋርማሲ የሚገኘው የፓራፊን ዘይት ይሻላል። የምግብ ዘይት ከሳምንታት በኋላ ስለሚጣበቅ ሞላውን ያስረዋል።

አሳሳል

የስዊሶቹ ብረት ለመሳል ቀላል ነው። ባለ 400 ቁጥር ድንጋይ የደነዘውን ይመልሳል፣ ባለ 1000 ያለሰልሰዋል። በየጎኑ 20 ዲግሪ ገደማ ይያዙ፤ ይህን ያለ መሣሪያ ለማግኘት፣ ስለቱ 15 ሚሊሜትር ከሰፋ ጀርባውን ከድንጋዩ 5 ሚሊሜትር ያንሱ። አንዱን ጎን ሲስሉ በሌላው ጎን በጣት የሚዳሰስ ቀጭን ሸካራ ጠርዝ ከሥር እስከ ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ጎን አይቀይሩ፤ ቀድመው ከቀየሩ አፉ ሳይገናኝ ይቀራል። በመጨረሻ ክብደት ሳይጥሉ ጎን እያፈራረቁ ሸካራውን ያስወግዱ።

ባለጥርሱን ክፍል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አይሳሉት፤ ጥርሶቹን ይጨርሳቸዋል። ጥርሶቹ የተሞረዱት በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ፣ ቀጭን ሾጣጣ የአልማዝ ሞረድ በየጥርሱ ጎድጓዳ በዚያው ጎን ይሂድ፤ ሌላውን ጎን ሞረዱን አስተኝተው አንድ ጊዜ ብቻ ይዳስሱ።

ይዞ መውጣት

በብሪታንያ የሚታጠፍና የማይቆለፍ፣ አፉ ከ3 ኢንች (7.62 ሴንቲሜትር) ያልበለጠ ሴንጢ ያለ ምክንያት መያዝ ይቻላል፤ የሚቆለፍ ከሆነ ግን በቂ ምክንያት ይጠየቃሉ። በጀርመን ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፍን ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ክልክል ነው። ስለዚህ የራሱ የጀርመን ጦር የ2003 ሴንጢ በርሊን መንገድ ላይ ሊያስቀጣ ሲችል፣ የ1961ዱ ስዊስ በዚህ ክልከላ አይነካም። በአውሮፕላን ሲጓዙ ሁሉንም በሚጫነው ሻንጣ ያስገቡ።