ፋይናል ፕሮጀክት ለያዛችሁ የምህንድስና ተማሪዎች

ጎግል ላይ ሌሊቱን ከማንጋታችሁ በፊት ላይብረሪ ጎራ በሉ። ለማንበብ ብቻ አይደለም። ባለሙያዋን «አርዲ መግቢያ አለን?» ብላችሁ ጠይቁ። አርዲ (ARDI) ለታዳጊ አገሮች ተቋማት የምርምር ጽሑፎችን በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያቀርበው የሪሰርች ፎር ላይፍ (Research4Life) አንዱ ክፍል ነው፤ የሚመራው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ነው። ሌላ ቦታ ክፈሉ የሚሏችሁን የቴክኖሎጂ ጆርናሎች ለተመዘገቡ ተቋማት ይከፍታል። የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ላይብረሪው እጅ ነው። ካልጠየቃችሁ ማን ይነግራችኋል?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም ኢንተርኔት ላይ አለ። «ኮንክሪት» ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ በውጤት ብዛት ትሰጥማላችሁ። ለምሳሌ ርዕሳችሁ ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራ ብሎኬት ከሆነ፣ «ፑሚስ» (pumice፣ ድንጋዩ) እና «ሆሎው ብሎክ»ን (hollow block፣ ብሎኬቱ) አንድ ላይ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አስገቡ። ደህና ጽሑፍ ካገኛችሁ መግቢያውን ዝለሉና (ሁሉም አንድ ዓይነት ነው) የዋቢ ዝርዝሩን ክፈቱ። እኔ ግማሹን ምንጬን የለቀምኩት ከዚያ ነው። ከዚያ ወደ አሠራር ምዕራፉ ተመለሱ። ስንት ናሙና ሠሩ? ጥንካሬውን ለመለካት የሰበሩት በተሠራ በ7 ቀን ነው በ28? ሲሚንቶው የትኛው ዓይነት ነበር? ይህን ማስታወሻ ይዛችሁ አማካሪያችሁ ቢሮ ግቡ፤ «ርዕስ አጣሁ» ብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ።