የሳሳ ሣር ከዘር በፊት ቀዳዳ ይፈልጋል

ሣሩ ሲሳሳ ብዙ ሰው የሚያደርገው ዘር ገዝቶ መበተን ነው። ወፎቹ ደስ ይላቸዋል፣ ሣሩ ግን ያው ነው። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከታች ነው፤ ሰው ሲመላለስበት፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት አፈሩ ተጠቅጥቆ ይደድርና አየር አያስገባም፣ ውኃውም ላይ ላዩን ይሄዳል እንጂ ወደ ሥር አይወርድም።

ለማረጋገጥ ካቻቢቴ ይበቃል። ሣሩ ውኃ በጠጣ ማግስት መሬቱ ላይ ተጫኑት። ሰተት ብሎ ከገባ አፈሩ ደህና ነው፣ ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ የዛፍ ጥላ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ገብቶ እንቢ ካለ ግን መሬቱ መበሳት አለበት።

ጊዜውን የሚወስነው የሣሩ ዓይነት ነው። እንደ ፌስኪውና ራይግራስ ያሉ ብርድ ወዳዶች የሚዘሩት የበጋው ሙቀት በረድ ሲል ነው። ቤርሙዳ ደግሞ ብርዱ አልፎ መሬቱ ሲሞቅ።

መጀመሪያ ሣሩን ከወትሮው አሳጥራችሁ እጨዱ፣ የደረቀውን ገለባ በሬክ (ጥርስ ባለው የግቢ መጥረጊያ) ጠርጋችሁ አውጡ። የተቀበረ የውኃ ቱቦ ካለ ምልክት አድርጉበት። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን።

መበሻ ስትመርጡ ሹል ሚስማር ያለውን ተዉት፤ አፈሩን ወደ ጎን እየገፋ የቀዳዳውን ዙሪያ ይባስ ይጠቀጥቀዋል። የሚሻለው ውስጡ ክፍት ሆኖ አፈሩን ቆርጦ የሚያወጣው ነው። ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይግባ። አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ሂዱበት። የሚወጣው የጣት ውፍረት ያለው አፈር ግቢውን ያስጠላል፣ ግን አትልቀሙት። ሲደርቅ በሬክ ፍርክስክስ ይላል፣ ወደ መሬቱም ይመለሳል።

ከዚያ ዘሩ። ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም በትኑ። ለፌስኪው በካሬ ሜትር 20 ግራም ገደማ ይበቃል፣ ለቤርሙዳ 5 ግራም። ከዚህ በላይ ቢፈስ ቡቃያው እርስ በርሱ ይሻማል። ዘሩ አፈር ካልነካ አይበቅልም፤ ስለዚህ በሬክ ቀስ ብላችሁ አነካኩትና ስስ ኮምፖስት ጣል አድርጉበት፣ የነባሩ ሣር ጫፍ ግን እንዲታይ።

አሁን ዋናው ሥራ ውኃ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚሰለቸውም እዚሁ ላይ ነው። ዘሩ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ክር የመሰለች ነጭ ሥር ያወጣል። ያቺ ሥር አንዴ ከደረቀች አለቀ፣ ዘሩ ሌላ አያበቅልም። በቀን ሁለት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ አጠጡ፣ የጎማውን ውኃ በኃይል ከለቀቃችሁት ግን ዘሩን ጠራርጎ አንድ ጥግ ይከምረዋል። የላይኛው 2 ሳንቲ ሜትር አፈር እርጥበት እንዳያጣ ነው ነገሩ። ደግሞ ድብልቅ ዘር ከሆነ መጀመሪያ ብቅ ያለውን አይታችሁ አትዘናጉ፤ ራይግራስ ከ5 እስከ 10 ቀን ሲበቅል ኬንታኪ ብሉግራስ እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሁሉም ከበቀለ በኋላ ቀኑን አራርቁ፣ ውኃውን ግን ጨምሩ፤ ሥሩ ወደ ታች የሚወርደው እንዲያ ሲሆን ነው።

8 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ አፈሩ ጠንከር ባለበት ቀን፣ በተሳለ የማጨጃ ምላጭ ሲሶውን ብቻ እጨዱ። የአረም መድኃኒት ሦስት አራቴ እስክታጭዱ ድረስ ይቆይ። የአረም ዘር እንዳይበቅል የሚከለክለውን ዓይነት ደግሞ ልትዘሩ ስታስቡ ጭራሽ አትንኩት፣ የሣሩንም ዘር አብሮ ያስቀረዋል።