ኒውዮርክ ከመስኮት ይታያል፣ ያላችሁት ግን ሃድሰን ካውንቲ ነው

«ኒውዮርክ ልመጣ ነው፣ ቤት ግን ጀርሲ ሲቲ ተገኘልኝ፤ ያው ነው አይደል?» ያው አይደለም። ይህን ጥያቄ በስልክ መመለስ ስለሰለቸኝ፣ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ነው የምልከው።

ጀርሲ ሲቲ ያለችበት ሃድሰን ካውንቲ ኒው ጀርሲ ስቴት ነው። ከማንሃተን የሚለየው ወንዙ ብቻ ነው፤ ሕጉ፣ ግብሩ፣ መንጃ ፈቃዱ ግን ሌላ ነው። የመሬቱ ስፋት 120 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከአራት እጥፍ በላይ ትበልጠዋለች። እዚህች ላይ በ2020 ቆጠራ ከ720 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቷል። አሥራ ሁለት ከተሞች ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ስለተቀመጡ፣ አንድ መንገድ ስትሻገሩ ከንቲባውም የመኪና ማቆሚያ ደንቡም ይቀየራል። ከአሥር ነዋሪ አራቱ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ነው። አነጋገራችሁን ሰምቶ «ከየት ነህ?» ብሎ የሚያደርቃችሁ ሰው የለም። ለእኔ ይሄ ብቻ ግማሽ ኪራይ ያወጣል።

የቦታ ስም አያሳስታችሁ። ዌስት ኒውዮርክ የሚባለው ከተማ ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው። ኖርዝ በርገን በርገን ካውንቲ ሳይሆን እዚሁ ሃድሰን ነው። ኒውአርክ አቬኑ የጀርሲ ሲቲ መንገድ ነው፤ ኒውአርክ ከተማ ደግሞ ኤሴክስ ካውንቲ ነው። የማውቀው ልጅ ፎርም ላይ ከዌስት ኒውዮርክ ቀጥሎ ስቴቱን «ኒውዮርክ» ብሎ ሞልቶ ደብዳቤው የት እንደገባ ሳይታወቅ ከረመ። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት የሞላችሁትን አንብቡ።

መጓጓዣው ጥሩ ነው። ፓዝ የሚባለው ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፤ ከጆርናል ስኩዌር ወይም ከግሮቭ ስትሪት ተሳፍራችሁ ማንሃተን ትወርዳላችሁ። ግን ሰብዌይ የሚባለው የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር አይደለም። ወርዳችሁ ሰብዌይ ስትይዙ እንደገና ትከፍላላችሁ። ሥራ ስትፈልጉ ይህን በወር አባዙት። ላይት ሬይል የሚባለው ቀላል ባቡር ላይ ደግሞ የወረቀት ትኬት መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ከመሳፈራችሁ በፊት መድረኩ ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን ማስመታት አለባችሁ። በር ላይ ማንም አይጠይቃችሁም። ተቆጣጣሪው ውስጥ ይመጣና ያልተመታ ትኬት ካገኘ ይቀጣል። «ገዝቻለሁ እኮ!» ማለት አያዋጣም።

ኒውዮርክ እየሠራችሁ እዚህ የምትኖሩ ከሆነ ግብር ስታሳውቁ ለሁለቱም ስቴት ፋይል ታደርጋላችሁ። ኒውዮርክ ከደመወዛችሁ ቀድሞ ይወስዳል፤ ኒው ጀርሲ ለዚያ የከፈላችሁትን ያካክስላችኋል። የኒውዮርክ ከተማን የገቢ ግብር ግን አትከፍሉም፤ ብዙ ሰው ወንዙን የተሻገረው ለዚህም ነው። ከሌላ ስቴት መንጃ ፈቃድ ይዛችሁ ከመጣችሁ በ60 ቀን ውስጥ ቀይሩ። ለዚያ የምታቀርቧቸው የመታወቂያ ሰነዶች ነጥብ አላቸው፣ ድምሩ ስድስት መሙላት አለበት፣ የአድራሻ ማስረጃም ለብቻው ይፈለጋል። አንዲት ወረቀት ከጎደለች ያን ሁሉ ጠብቃችሁ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ዝርዝሩን እዩ።

አሁን እኔን የበላኝን ልንገራችሁ፤ ዲፖዚት፣ ማለትም ቤት ስትከራዩ አከራዩ ጋ የምታስይዙት ገንዘብ።

የኒው ጀርሲ ሕግ ሲነበብ ለተከራይ የቆመ ይመስላል። አከራይ ከአንድ ወር ተኩል ኪራይ በላይ ዲፖዚት መቀበል አይችልም። ገንዘቡን ወለድ በሚያስገኝ ሂሳብ ያስቀምጣል። ስትወጡ በ30 ቀን ውስጥ ይመልሳል፤ ከቆረጠም በዝርዝር ይጽፋል። አላግባብ ከያዘ ፍርድ ቤት እጥፍ ያስከፍለዋል። እኔም ይህን ሸምድጄ ስወጣ አከራዬ ፊት ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ። ሰውየው «ቀለም አስቀባሁበት» ብሎ ሙሉውን ይዞት ቀረ። «ደረሰኙስ?» ስለው ሳቀ።

ለካ ሕጉ ቀዳዳ አለው። ባለቤቱ እዚያው ቤት የሚኖር ከሆነና ከራሱ መኖሪያ ሌላ እዚያው ሕንፃ ውስጥ የሚያከራየው ከሁለት ቤት የማይበልጥ ከሆነ፣ ሕጉ እናንተን የሚመለከተው በጽሑፍ «በዲፖዚት ሕጉ እንድትመራ እጠይቃለሁ» ብላችሁ ካሳወቃችሁና 30 ቀን ካለፈ ብቻ ነው። ሀበሻ የሚወደው ደግሞ ይህንኑ ቤት ነው፦ ባለቤቱ ታች፣ እኛ ላይ፣ የክሬዲት (የብድር አከፋፈል) ታሪክ አይጠየቅም፣ ካሽ ይቀበላሉ፣ «እንደ ልጄ ነህ» ይባላል። ስለዚህ በገባችሁ ሰሞን ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ሰርቲፋይድ ሜይል በሚባለው፣ መላካችሁን በሚያረጋግጥ ፖስታ ላኩ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። ሰውየው ይቀየመኛል ብላችሁ አትፈሩ፤ በደብዳቤ የሚቀየም አከራይ ገንዘብ ለመመለስም አይቸኩልም። ካሽ ከሰጣችሁ የተፈረመ ደረሰኝ ተቀበሉ። የገባችሁ ቀን ግድግዳውን፣ ምድጃውን፣ የመታጠቢያ ቤቱን ጥግ ሳይቀር በስልካችሁ ቅረጹ። ወንድሜ፣ እህቴ እያላችሁ ያለ ወረቀት ገብታችሁ ስትወጡ እኔ ጋ አታልቅሱ።

ቤዝመንት (ምድር ቤት) በርካሽ ሲገኝ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለመኖሪያ የተፈቀደ ነው ወይ? ውሃስ ይገባል ወይ? እዚህ ወንዝ ዳር ነን። በ2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ እዚሁ ሃድሰን ያለችውን የሆቦከን ከተማ አጥለቅልቆ ብሔራዊ ዘብ ሰው ሲያወጣ ነበር፤ የከተማዋ የፓዝ ጣቢያም ለሳምንታት ተዘግቷል። ከ2024 ጀምሮ፣ ከአንዳንድ ትንንሽ ቤቶች በስተቀር፣ አከራይ የጎርፍ ስጋትን ለተከራይ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቷል። ካልነገረ እናንተው ጠይቁት። ዩኒየን ሲቲ እና ጀርሲ ሲቲ ሃይትስ ገደሉ አናት ላይ ስለሆኑ ወንዙ አይደርስባቸውም። የእኔ ምርጫ ሃይትስ ነው፤ ዳገት የሚጠላ ሰው ግን በዚህ አይስማማኝም።

ለጾም ግን ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ጆርናል ስኩዌር አጠገብ ያሉት የሕንድ ሱቆች ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ እርድ፣ ኮረሪማ የሚመስል ሄል ሳይቀር በከረጢት ይሸጣሉ። ግብፃውያን ብዙ ናቸው፤ ፉል አይጠፋም። የኮፕት አብያተ ክርስቲያናትም ቅርብ ናቸው፣ የራሳችን ርቆባችሁ ከሆነ እነሱ ጋ መሳለም ትችላላችሁ። ጤፍ ፍለጋ ቤት ለቤት አትዙሩ፤ ከዋሽንግተን አካባቢ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሻንጣው ውስጥ ቦታ እንዲተው አሁኑኑ ደውሉለት።