ሰዓቱን ወደ ሻጩ ከመመለሳችሁ በፊት፦ ለትራያትሎን ስትለማመዱ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አዲሱን የስፖርት ሰዓቴን ባሰርኩ በመጀመሪያው ሳምንት 600 ሜትር ዋኝቼ 750 አለኝ። ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። በማግስቱ ግን ቀስ ብዬ እየሮጥኩ የልብ ምቴን 176 ሲያደርሰው ደነገጥኩ። ሰዓቱ አልተበላሸም ነበር። ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን አከታትሎ መወዳደር ነው፤ እያንዳንዳቸው የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ሰዓቱ የት እንዳላችሁና ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ካልተነገረው ደግሞ በግምት ይሞላል። ብልሽት የሚመስለው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ግምት የሚመጣ ነው።

የገንዳው ርቀት ይበዛል ወይም ያንሳል

ገንዳ ውስጥ ሰዓቱ ርቀትን በሳተላይት አይለካም። ግድግዳውን ገፍታችሁ የምትነሱበትን እንቅስቃሴ ይቆጥርና በገንዳው ርዝመት ያባዛዋል። የእኔ ሰዓት ገንዳው 25 ሜትር እንደሆነ ተነግሮት ነበር፤ በሜትር ስለካው 20 ሆኖ ተገኘ። በየከተማችን ያሉ የሆቴል ገንዳዎች ለውድድር ሳይሆን ለመዝናኛ የተሠሩ ስለሆኑ የዘበኛውንም የማስታወቂያውንም ቃል ሳታምኑ ራሳችሁ ለኩ፤ ያገኛችሁትንም ቁጥር ሰዓቱ ላይ አስገቡ።

ስህተቱን መለየት ቀላል ነው። ልዩነቱ በየቀኑ በተመሳሳይ መጠን ከሆነ ችግሩ የገንዳው ርዝመት ነው። አንድ ቀን በዝቶ ሌላ ቀን ካነሰ ግን ችግሩ እናንተ ጋር ነው፦ መሐል ላይ ሰው ለማሳለፍ ቆማችኋል፣ ወይም ግድግዳውን በደንብ ሳትገፉ ዞራችኋል። ተንሳፋፊ ሰሌዳ ይዛችሁ በእግር ብቻ ስትዋኙ እጃችሁ ስለማይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓቶች ምንም አይቆጥሩም፤ ያንን ርቀት በእጅ መሙላት ነው።

ሐይቅ ላይ መስመሩ የሰከረ ሰው መንገድ ይመስላል

የሳተላይት ምልክት ውሃ ውስጥ አያልፍም። ሰዓቱ ምልክቱን የሚይዘው ክንዳችሁ ከውሃ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክንድን ከውሃ በማያወጣ የዋና ስልት ስትዋኙ መዛባቱ ይብሳል። ለልምምድ ጊዜ የሚረዳ ዘዴ አለ፦ ሰዓቱን ከዋና ኮፍያው ሥር፣ ከማጅራት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። ግን ሁልጊዜ ሰዓቱን አትክሰሱ። ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው ተብሎ ብዙ ዋናተኛ የሚመርጠው ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ነው፤ ከራስ እጅ ወዲያ አያሳይም። እኔ እዚያ በእርግጥም ዚግዛግ እየዋኘሁ ነበር። በየጥቂት ቀዘፋው ቀና ብሎ ዳር ላይ ያለ ዛፍ ማየት ከየትኛውም የሰዓት ማስተካከያ ይበልጣል።

የልብ ምቱ እውነት አይመስልም

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ሰዓቱ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን በማየት የደሙን እንቅስቃሴ ይገምታል። ማሰሪያው ከላላ ብርሃኑ ከክንዱ ጋር ይዘላል፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ የእግር እርምጃን የልብ ምት አድርጎ ይወስዳል። ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ይረግጣል፤ የእኔ 176 የመጣው ከዚያ ነው። ለማረጋገጥ ቁሙና ሁለት ጣት አንገት ላይ አድርጋችሁ ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ፣ በአራት አባዙ። ከሰዓቱ ጋር ካልተስማማ ሰዓቱን ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ጠበቅ አድርጉት፤ ሲጨርሱ ማላላት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ከሆነ የምትሮጡት ሌላ ምክንያት አለ። በብርድ ጊዜ ደም ከእጅ ይሸሻል፤ ሰዓቱም የሚያየው ያጣል። ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ ሰውነትን አሙቆ፣ እጅጌውን ሰዓቱ ላይ አውርዶ መውጣት ለውጥ ያመጣል።

ብስክሌት ላይ ደግሞ በተቃራኒው ያንሳል። መሪውን አጥብቆ የያዘ እጅ ይታጠፋል፣ የመንገዱ ጉድጓድም ያንቀጠቅጠዋል፤ ወደ ሱሉልታ ዳገቱን እያለከለኩ ስወጣ ሰዓቱ 104 ብሎኛል። ለዚህ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ነው መድኃኒቱ፤ እሱ የሚያነበው የልብን ኤሌክትሪክ ነው። ቀበቶውም አመል አለው። በበጋ ደረቅ አየር፣ ላብ ሳይወጣ፣ ከናይሎን ካናቴራ ጋር ሲፋተግ ከ200 በላይ ይዘላል። ከማሰራችሁ በፊት ሁለቱን የጎማ ክፍሎች በውሃ አርጥቡ፣ ከልምምድ በኋላ እጠቡት። ውሃ ውስጥ ግን ብሉቱዝ አይሠራም፤ ለዋና ብዙውን ጊዜ የሚሆነው መረጃውን ራሱ ላይ አስቀምጦ በኋላ የሚያስተላልፍ ዓይነት ነው።

የልብ ምቱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ቀላሉን ሩጫ ሁሉ «ከባድ» ካለባችሁ፣ የልብ ምታችሁን ጣሪያ «220 ሲቀነስ ዕድሜ» ብሎ አስልቶት ይሆናል። ይህ ስሌት ለአንድ ሰው ከአሥር ምት በላይ ሊስት ይችላል። ጤነኛ ከሆናችሁ ዳገት ላይ ደጋግማችሁ በሙሉ ኃይል ስትሮጡ ያያችሁትን ከፍተኛ ቁጥር አስገቡ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪም ያማክር።

ሩጫውን ብስክሌት ብሎ መዘገበው

በትራያትሎን ሁነታ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያሸጋግረው፦ ከዋና ወደ መጀመሪያው ልብስ መቀየሪያ፣ ከዚያ ወደ ብስክሌት፣ ወደ ሁለተኛው መቀየሪያ፣ በመጨረሻ ወደ ሩጫ። የዋና ልብሱ እጅጌ ሲወልቅ ወይም የታጠፈ እጅ ቁልፉን ሲነካው አንድ ደረጃ ይዘላል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይዛባል። በአብዛኞቹ ሰዓቶች ቁልፎቹን መቆለፍ ይቻላል። ካልሆነ ቁልፉ ወደ ክንድ እንጂ ወደ መዳፍ እንዳይዞር ሰዓቱን በሌላኛው እጅ እሰሩት።

ከዚያ ግቢ ውስጥ ተለማመዱት። አንድ እሁድ የዋና መነጽርና ኮፍያ አድርጌ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ቆምኩ፤ ቁልፉን ተጫንኩ፣ መነጽሬን ወረወርኩ፣ ሄልሜት አሰርኩ፣ እንደገና ተጫንኩ፣ ግቢውን በብስክሌት ሁለቴ ዞርኩ። የግቢያችን ጥበቃ ጋሽዬ ሻያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ውሃው የት ሄደ?» አሉኝ። በአራተኛው ሙከራ እጄ ሳይጠየቅ መጫን ጀመረ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ የሚመጣው የትራያትሎን ሁነታ ዋናው ሐይቅ ወይም ባሕር ላይ እንደሆነ ያስባል። በገንዳ ከጀመራችሁ ርቀቱ ዜሮ ወይም እንቆቅልሽ ይሆናል። የገንዳ ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ራሳችሁ አቀናጅታችሁ አዲስ ሁነታ ፍጠሩ።

ሌሎች ጥቃቅን ጉዳዮች

ከቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥር ከሮጣችሁ ፍጥነቱ ይዘላል፤ ኮንክሪቱ ሳተላይቱን ይከልለዋል፣ መንገድ መቀየር ነው። በሌላ ቦታም ከመጀመራችሁ በፊት ሰማይ በሚታይበት ቆማችሁ ምልክቱ ተይዟል እስኪል ጠብቁ፤ ሳይዝ የጀመረ ሰው የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ያጣል።

ባትሪው ቶሎ ካለቀ ሙዚቃውን አጥፉ። በኦሊምፒክ ከሲድኒ 2000 ጀምሮ ለሚካሄደው ርቀት፣ ማለትም ለ1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ ለ40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና ለ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ አንድ ሙሉ ባትሪ ይበቃል። 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ያለበትን ረጅሙን ውድድር የሚያስብ ግን አስቀድሞ በረጅም ልምምድ ይፈትነው።

ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ለእረፍት አዲስ አበባ የመጣን ሰው ደግሞ ሰዓቱ «አቅምህ ቀንሷል» ይለዋል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያንሳል፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ልብ የበለጠ ይመታል፣ ሰዓቱም ድካም ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ጥቂት ሳምንታት ፍጥነትን ቀንሶ መለማመድ እንጂ በውጤቱ መበሳጨት አያስፈልግም።

ማንቂያውስ በተሳሳተ ሰዓት ከጮኸ? አሠልጣኙ «ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት» ሲል ስልኩ ላይ የሚሞላው 6 ነው። እኔ 12 ብዬ ሞልቼ ልምምዱ አመለጠኝ፤ ሰዓቱ የጮኸው ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ የመጀመሪያውን የሽሮ ጉርሻ ሳነሳ ነው፦ «ለመዋኘት ተዘጋጅ!»