ፊታቸውን ፊለር የሚወጉ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ፊለር፣ ማለትም ፊትን ለመሙላት ከቆዳ ሥር የሚወጋው ቁስ፣ ሁሉም አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በብዛት የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ ነገር ቢበላሽ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ሊሟሟ ይችላል፤ ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይትና ፖሊ ኤል ላክቲክ አሲድ ግን እንዲህ ያለ ማርከሻ የላቸውም። ፈሳሽ ሲሊኮንን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፊት ለመሙላት እንዲወጋ ፈቅዶ አያውቅም፤ ከዓመታት በኋላ እባጭ ቢያበጅ በቀዶ ሕክምና ማውጣቱ ራሱ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የቁሱን ስም ይጠይቁ፤ የምርት ቁጥሩ ያለበትን ተለጣፊ ወረቀትም ተቀብለው ያስቀምጡ።

ሁለተኛው «በዓመቱ ጠፍቶ ያልቃል» የሚለው እምነት ነው። አምራቾች የሚጠቅሱት ከ6 እስከ 18 ወር ያህል ጊዜ ለውጡ ለዓይን የሚታይበትን ይመለከታል፤ በኤምአርአይ የተነሡ ምስሎች ግን የሃያሉሮኒክ አሲዱ ጄል ለዓመታት ሊቆይ እንደሚችል አሳይተዋል። የቀድሞው ሳያልቅ በየጊዜው የሚያስጨምር ሰው ፊቱ ቅርጹን ያጣል፤ ጄሉ ውኃ ስለሚስብም ዓይን ሥር የተወጋው ጠዋት ጠዋት አብጦ ሊታይ ይችላል። የቆየ ፊለር ጉንፋንን፣ የጥርስ ኢንፌክሽንን ወይም ክትባትን ተከትሎ የሚያብጥበት ጊዜም አለ። በ2020 በሞደርና የኮቪድ ክትባት ሙከራ ቀድሞ ፊለር በተወጉ ጥቂት ተሳታፊዎች ላይ ይኸው ታይቷል፤ እብጠቱ የሚድን በመሆኑ ግን ክትባትን ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም።

ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው፣ የደም ስር መዘጋትን እንደ ተራ የመርፌ ሕመም ቆጥሮ ማሳደር ነው። ቁሱ ደም ቅዳ ውስጥ ከገባ ቆዳው ይነጣል፣ ቆይቶም እንደ መረብ የተጠላለፈ ሐምራዊ መልክ ይይዛል። በጠይም ቆዳ ላይ ይህ ቀለም በቀላሉ ስለማይለይ ቦታውን በጣት ተጭኖ መልቀቅ ይረዳል፤ ከሌላው ጎን ጋር ሲነጻጸር ደሙ ለመመለስ ከዘገየ፣ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ በዚያው ሰዓት ወደወጋው ሐኪም መመለስ ያስፈልጋል፤ የዓይን ብርሃን ከደበዘዘ ደግሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በቅንድቦች መካከል፣ በአፍንጫና በግንባር ላይ የሚወጋ ፊለር ወደ ዓይን ደም ስር ተገፍቶ ሊያሳውር ይችላል። ሃያሉሮኒዴዝ በክሊኒኩ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥያቄው የሚያስቆጣው ባለሙያ ከሆነ ቀጠሮውን መሰረዝ ይሻላል።

ከሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያብጥ ጠባሳ፣ የሚወጣበት ሰውም ይህን ሳይናገር መወጋት የለበትም። ያለ መርፌ በግፊት የሚረጨውን «ሃያሉሮን ፔን» በተመለከተ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2021 አስጠንቅቋል፤ መሣሪያው ቁሱ የት እንደሚያርፍ በበቂ ሁኔታ መቆጣጠር አይችልም።