የማይሟሟ መድኃኒት የፓተንት ክርክር ሲገጥማችሁ

እኛ ጋ፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ኮአርተም የተባለውን የወባ መድኃኒት የሚገዛ ሰው «ከወተት ወይ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰዱ» ሳልለው አይወጣም። የግመል ወተት ይሆናል ወይ ይሉኛል፤ እንዴታ! በውስጡ ያለው ሉሜፋንትሪን በውሃ እንደነገሩ እንኳ አይሟሟም። ስብ ካላገኘ ወደ ደም የሚገባው ትንሽ ነው።

እንዲህ ያለ ፍሬ ነገር (የሚያድነው ንጥረ ነገር) እንዲሟሟ የሚደረግበት ዘዴ ራሱ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ይወጣበታል፤ ኩባንያዎችም ይካሰሱበታል። ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ዜናውን አንብበው «መድኃኒቱ ተከለከለ እንዴ?» ሲሉኝ እንዲህ አንብቡት እላለሁ።

መጀመሪያ ጠቡ በፍሬ ነገሩ ነው ወይስ በአዘገጃጀቱ የሚለውን ለዩ። ከዚያ የፓተንቱን ቁጥር ጉግል ፓተንትስ ላይ አስገቡ። ርዕሱንና መግቢያውን እለፉት፤ ማንም መግቢያው ላይ ራሱን ያሞግሳል። መብቱ ያለው «ክሌም» በሚባሉት ባለቁጥር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው።

የአሜሪካን ፓተንት ቁጥር 5,399,363ን ሞክሩ። ኤላን የተባለው ኩባንያ አብራክሲስ የተባለውን ኩባንያ የከሰሰው በዚህ ነው፤ መድኃኒቱ አብራክሳን፣ ማለትም ፓክሊታክሰል በአልቡሚን የተዘጋጀበት የካንሰር መርፌ ነው። እርሳስ አንሱና ክሌም 1ን በትኑት፦ የካንሰር መድኃኒት፤ በውሃ የመሟሟት አቅሙ በሚሊ ሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በታች፤ ላዩ ላይ የተለጠፈ ሌላ ንጥረ ነገር ያለው፤ የቅንጣቱ አማካይ መጠን ከ1000 ናኖ ሜትር በታች። አንድ ቃል ደግሞ እንዳታልፋችሁ፦ «ክሪስታል»፣ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር ማለት ነው። አብራክሲስ ሙግቱን እዚህች ላይ ተከለ፤ የእኛ ፓክሊታክሰል ክሪስታል አይደለም፣ ቅርጽ የለሽ ነው አለ። ከዝርዝሩ አንዱ ከጎደለ ቃል በቃል የሆነ ጥሰት የለማ! በአሜሪካ የደላዌር ፍርድ ቤት ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ግን አልተቀበሉትም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለኤላን 55 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረዱለት። ከልጆቹ ጋር ይቺን ክሌም ስንበትን ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንቆያለን።

ቀጥሎ «ይሄማ ድሮም የሚታወቅ ነው» የሚለውን መከላከያ ፈልጉ። ፓርና ቲደብሊውአይ የተባሉ ኩባንያዎች በሜጌስትሮል፣ የምግብ ፍላጎት በሚጨምር መድኃኒት፣ ሲከራከሩ የፓር ፓተንት መድኃኒቱን በናኖ ቅንጣት ስለመስጠት ነበር፤ ተበልቶም ሳይበላም ሲወሰድ ወደ ደም በሚገባው መጠን ያለው ልዩነት እንዲጠብ። የታችኛው ፍርድ ቤት ማድቀቁ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው፣ ውጤቱም አብሮት የሚመጣ ነው ብሎ ፓተንቱን ጣለ። ይግባኝ ሰሚው እ.ኤ.አ. በ2014 ውሳኔውን ሽሮ ጉዳዩን ለታችኛው ፍርድ ቤት መለሰው፦ ውጤቱ ሳይቀር የግድ የሚመጣ መሆኑ መረጋገጥ አለበት አለ። «ሊመጣ ይችላል» አይበቃም።

በመጨረሻ አገሩን እዩ። የአሜሪካ ፓተንት ድሬዳዋ ላይ አይሠራም። እኛ ጋ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ ፓተንት 15 ዓመት ይሰጣል፣ ፈጠራው አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመራል። ሰውን የማከሚያ ዘዴ ግን ፓተንት አያገኝም። እዚህ አገር ተመዝግቦ እንደሆነ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቁ።