ኮምፒውተሩ የሰው ገመና ሲይዝ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ላይ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ለከፈታችሁ ነው። ከመንዝም ከሸዋ ሮቢትም የሚመጣ ሰው መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን አምኖ ይሰጣችኋል።

የሌላ ደንበኛ ፋይል ይታያል። ፎልደር ስትከፍቱ ቀድሞ የሄደው ሰውዬ ሰነድ ከነስሙ ይወጣል። ብዙ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። አይደለም፤ ዊንዶውስ በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎችን ራሱ ይመዘግባል። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ኦፕሽንስ ውስጥ ግቡ። ፕራይቬሲ ከሚለው ስር ክሊርን ተጫኑ፤ የራይት ምልክቶቹንም አንሱ። የሚጠፋው ዝርዝሩ ብቻ ነው። ፋይሉን ራሱን ደንበኛው ፊት አጥፉለት።

የዊንዶውስና የቪ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ የሰው ሂሳብ ቁጥር ይመጣል። ክሊፕቦርድ ሂስትሪ ተከፍቷል። እስከ 25 ኮፒ የተደረገ ነገር ይይዛል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ክሊፕቦርድ ገብታችሁ ዝጉት።

አዲሱ ላፕቶፕ ስክሪኑን ፎቶ ያነሳል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሪኮል ይባላል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 አስተዋወቀው። በየጥቂት ሰከንዱ ስክሪኑን እያነሳ ያስቀምጣል፤ በኋላ በቃል ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ላይ ከፎቶዎቹ የተነበበው ጽሑፍ ሳይመሰጠር፣ ማለትም ማንም ሊያነበው በሚችል መልክ፣ ይቀመጥ ነበር። የደህንነት ባለሙያዎች ጮኹ፤ ኩባንያው አዘገየው። አሁን ይመሰጠራል፣ ባለቤቱ ካልፈቀደም አይሠራም። ግን ከተከፈተ በኋላ በፒንም ይገባበታል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ፒኑን የማያውቅ ማን አለ? ረዳቱም፣ ጎረቤቱም ያውቀዋል።

አሮጌ ማሽን ያላችሁ አትጨነቁ። ሪኮል የሚሠራው ኮፓይለት ፕላስ በሚባሉት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ብቻ ነው። ያላችሁ ግን ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሪኮል ኤንድ ስናፕሾትስ ውስጥ ግቡ። ሴቭ ስናፕሾትስ የሚለውን አጥፉ። ቀድሞ የተነሳውንም ዲሊት ኦል ብላችሁ ሰርዙ፤ መዝጋት ብቻውን የድሮውን አያጠፋም። ጭራሽ እንዳይኖር ከፈለጋችሁ ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ የሚለው ዝርዝር ውስጥ የሪኮልን ምልክት አንሱ።

የእኔን ዘግቻለሁ፣ መልእክቴ ግን ተይዟል። የተቀባዩ ማሽን ላይ ክፍት ከሆነ የላካችሁት እዚያ ይነሳል። ሲግናል የተባለው የመልእክት መላኪያ መተግበሪያ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ላይ ገጹ እንዳይነሳ ከልክሏል። በሌላ መንገድ የደንበኛን ሰነድ ከመላካችሁ በፊት ግን ለተቀባዩ ደውሉና ሪኮል መዝጋቱን ጠይቁት።